የጋራ ራዕይን ከሠራተኛው ታሪክ መቅዳት፦ ጥንካሬ ላይ ያተኮረ ቃለ መጠይቅ የሞከራችሁ አላችሁ?

የዕቅድ ክፍል (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። በመሥሪያ ቤታችን የዕቅድ ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ። 86 ሠራተኞችና አራት ቅርንጫፎች አሉን። የዛሬ አምስት ዓመት ራዕያችንን ስድስት ኃላፊዎች ከአንድ አማካሪ ጋር ሁለት ቀን በር ዘግተን ጻፍነው። እያንዳንዱን ቃል ተከራክረንበታል፤ «ተመራጭ» ይሁን «ቀዳሚ» በሚለው ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት አልፎብናል። ከዚያ ታትሞ፣ በመስታወት ገብቶ በየኮሪደሩ ተሰቀለ።

ባለፈው ወር፣ ዕቅዱ ሊከለስ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት ሰዎችን በየቢሯቸው እየዞርኩ «የመሥሪያ ቤታችን ራዕይ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ግድግዳውን ሳያይ የመለሰልኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንዷ ባልደረባዬ ግን «ራዕዩን አላውቀውም፤ እዚህ ለምን እንደምሠራ ግን ልነግርሽ እችላለሁ» አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «አንድ ሰው ሦስት ቢሮ ዞሮ፣ ተስፋ ቆርጦ እኔ ጋ ሲመጣ፣ ከእኔ ወዲያ ሌላ በር እንዳያንኳኳ ነው የምሠራው።» ይህ ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አማካሪ ከመቅጠራችን በፊት ሌላ መንገድ መሞከር ፈለግኩ። ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሆነው በሥራቸው ስላሳለፉት መልካም ጊዜ የሚጠያየቁበት፣ ራዕዩም ከዚያ የሚወጣበት፣ አፕሪሺዬቲቭ ኢንኳይሪ የሚባለውን አካሄድ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ አፈጻጸሙ ነው የጨነቀኝ። ጥያቄው እንዴት ይነገር? ማን ማንን ይጠይቅ? «እዚህ ቤት ምንም ጥሩ ነገር የለም» የሚል ሰው ቢገጥመኝ ምን ልበለው? 86 ታሪክ ሰብስቤስ አንድ ራዕይ ላይ የምደርሰው እንዴት ነው? አለቆቼ የለመዱት ስዎት (ጥንካሬን፣ ድክመትን፣ ዕድልንና ስጋትን የሚዘረዝረው ትንተና) ነው፤ «ድክመትና ስጋት ያልተጻፈበት ዕቅድ ዕቅድ አይደለም» ብለውኛል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ሳትሰስቱ ጻፉልኝ።

ነባር አወያይ

እህቴ፣ መነሻሽ ጥሩ ነው። ባልደረባሽ የነገረችሽን ሳታሳምሪው፣ በራሷ ቃል ጽፈሽ አስቀምጪው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅሽ እሱ ነው።

ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ጥያቄው ላይ ነው። «ጥንካሬያችን ምንድን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው ሰው «የቡድን መንፈስ፣ ቅንነት፣ ትጋት» ይልሻል። እነዚህ ቃላት የማንም መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ከእነሱ የሚወጣው ራዕይም የማንም ይሆናል። ስለዚህ አስተያየት ሳይሆን ታሪክ ጠይቂ። እኔ የምለው ይህን ይመስላል፦

«እዚህ ከተቀጠሩ ጀምሮ ያለውን ጊዜ እስቲ መለስ ብለው ያስቡት። ውጣ ውረድ እንደነበረው አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ‹እንኳን እዚህ ሆንኩ› ያሉበትን አንድ ቀን ይንገሩኝ። ምን ተፈጠረ? ማን ማን ነበር? እርስዎ ምን አደረጉ? እንዲሳካ ያደረገውስ ምን ነበር?»

«ውጣ ውረድ እንደነበረው አውቃለሁ» የምትለዋን እንዳትዘልያት። ችግሩን ልትክጂ እንዳልመጣሽ ሰው የሚያውቀው በሷ ነው። «አንድ ቀን» የሚለውንም ያዥ። «ብዙውን ጊዜ» ብሎ የሚጀምር መልስ አስተያየት ነው፤ «የዚያን ዕለት» ብሎ የሚጀምር ግን ታሪክ ይዞ መጥቷል።

ከዚያ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ሥራቸውና ስለ መሥሪያ ቤቱ ከፍ አድርገው የሚያዩትን እጠይቃለሁ። ሰው ራሱን ማመስገን ስለሚከብደው «ይሉኝታ ሳይይዝዎት» እላቸዋለሁ። ቀጥሎ፣ ቢጠፋ ይህ ቤት ይህ ቤት መሆኑ የሚቀርበትን ነገር፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ምኞት። ሌላ ጥያቄ አትጨምሪ። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግማሹን ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ይውሰደው።

«ምንም ጥሩ ነገር የለም» ላልሽው፣ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ትዝ ይሉኛል። «እዚህ ቤት? ምንም» ብለው እጃቸውን አጣመሩ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ያ የኮምፒውተሩ መረጃ የጠፋ ጊዜ ግን…» ብለው ጀመሩ። የዕቃው ምዝገባ እንዳለ ሲጠፋ፣ ለራሳቸው ብለው በእጃቸው ይጽፉት በነበረ ደብተር ለዘጠኝ ቀን ሥራው ሳይቆም ለሁሉም ክፍል ዕቃ አድለዋል። «ደብተሩ አሁን አለ?» አልኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው አወጡት። ጠርዙ ተላልጧል፤ ዓምዶቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል፤ በየገጹ ግርጌ ፊርማቸው አለ። «የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉኝ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ምላሻቸውን ያገኘሁት በዝምታው ነው፤ ቶሎ ብዬ ሌላ ጥያቄ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ደብተሩን አላየውም ነበር።

እውነት ይነገር

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሌላውንም ወገን ስሙ። ቀድሞ በምሠራበት ቦታ ይኸው አካሄድ ተሞክሮ ነበር። ያን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ተቋርጦብናል። አዳራሽ ሰብስበውን «ዛሬ ስለ መልካሙ ብቻ ነው የምናወራው» ተባልን። አንድ የሥራ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ ክፍያውን ሲያነሳ፣ አወያይዋ በፈገግታ «ይህ መድረክ ለዚያ አይደለም» አለችው። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጠየቁንን ሁሉ መለስን፤ ያማረ ያማረውን ነገርናቸው፤ ፍሊፕ ቻርቱ በአበባ ሥዕል ተሞላ። ሻይ ሰዓት ላይ ግን ስለ ራዕዩ ያወራ ሰው አልነበረም።

ያ ሰው በዓመቱ ሥራ ለቀቀ። እስከሚወጣ ድረስ በስብሰባ ሲናገር አልሰማሁትም። ሰውን ስለ ጥንካሬው እየጠየቁ ስለ ሕመሙ አፉን ማስያዝ ከባድ በደል ነው። የዕቅድ ክፍሏ፣ ይህን ሳታስቢበት እንዳትጀምሪ እለምንሻለሁ።

ጥናት ወዳድ

አካሄዱ ከየት እንደመጣ ማወቁ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ዴቪድ ኩፐርራይደር የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ጥናት ጀመረ። ሐኪሞቹን ስለ ስኬታቸውም ስለ ውድቀታቸውም ይጠይቃቸው ነበር። በስኬቱ ታሪኮች ውስጥ ባየው ትብብር ልቡ ስለተሳበ፣ አማካሪው ሱሬሽ ስሪቫስትቫ በዚያው እንዲገፋበት አበረታታው። የሁለቱ መሠረታዊ ጽሑፍ በ1987 ወጣ። በኋላ አካሄዱ በአራት ምዕራፍ ታወቀ፦ ያለውን መልካም ማግኘት፣ ማለም፣ መንደፍ፤ አራተኛው መጀመሪያ «ማድረስ» ይባል ነበር፣ በኋላ «መዳረሻ» ተባለ። የስም ለውጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ማድረስ» ሲባል ሰዎች የተለመደውን የድርጊት መርሐ ግብር ሠንጠረዥ እያወጡ ጉልበቱን ያበርዱት ነበር።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን የሚጠየቅበት ርዕስ መመረጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። ሠራተኞቹ ያነሱት ችግር የተሳፋሪ ሻንጣ መዘግየት ነበር። «የዘገየ ሻንጣን እንቀንስ» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ስለ ሻንጣ ብቻ ይሆን ነበር። ርዕሱን «ግሩም የአቀባበል ተሞክሮ» ሲሉት፣ ተሳፋሪው ከአውሮፕላን ወርዶ እስኪሄድ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ ውስጡ ገባ። ሻንጣው አልተካደም፤ ሰፋ ባለ ምኞት ውስጥ ተቀመጠ እንጂ። እውነት ይነገር በጻፈው ታሪክ የጎደለው ይህ ይመስለኛል፤ ክፍያው ተካደ።

ሌላም ላክል። ጀርቬስ ቡሽና ካሳም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ይህ አካሄድ የተሞከረባቸውን 20 ድርጅቶች አነጻጽረው፣ ሥር ነቀል ለውጥ ያገኙት በ7ቱ ብቻ ነው። ሰባቱን ከሌሎቹ የለያቸው አዎንታዊ መሆናቸው አልነበረም፤ ሁሉም አዎንታዊ ነበሩ። ከታሪኩ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታሰበ አዲስ ሐሳብ ወጥቶላቸዋል። ከላይ የወረደ ዝርዝር ዕቅድ ከመጠበቅም፣ ሰዎቹ ራሳቸው ባመኑበት እየጀመሩ ሄደዋል። ደስ የሚያሰኝ ወሬ ብቻውን የትም አያደርስም የሚለው ማስረጃ የመጣው ከዚሁ ከመስኩ ሰዎች ነው።

ስለ ስዎቱ፣ አለቆችሽን አትከልክያቸው። ከታሪኮቹ በኋላ እንዲመጣ ብቻ ጠይቂያቸው። የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ያየ ሰው የሚዘረዝረው ድክመት ሌላ ነው።

ነባር አወያይ

እውነት ይነገር፣ ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አወያይዋ ተሳስታለች። እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ፤ አንዲት ሴት ብሶቷን ስትጀምር «ወደ መልካሙ እንመለስ» ብዬ አቋረጥኳት፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረችልኝም።

አሁን ሰው ብሶት ሲጀምር እስክሪብቶዬን አላስቀምጥም። እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፣ «እንዲህ ነው ያሉኝ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው «ይህን ያህል የሚያሳስብዎ ምን ቢሆን ብለው ስለሚመኙ ነው?» የምለው። ብሶት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ምኞት አለ፤ ምኞቱን የሚያወጣው ግን ብሶቱን አዳምጠው የጨረሱለት ሰው ብቻ ነው። ብሶቶቹን ለብቻው ወረቀት ላይ እሰበስባቸውና፣ ስም ሳይኖርበት፣ የማለሚያው ስብሰባ ሳይደርስ ለአመራሩ እሰጣለሁ። አመራሩ ለየነጥቡ መልስ ካልሰጠ ስብሰባውን አልጠራም። በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ ቀርቶብኛል፤ አልቆጭበትም።

ከቅርንጫፍ

አጭር ነገር ልበል። የምሠራው ከዋናው መሥሪያ ቤት በራቀ ቅርንጫፍ ነው። እኛን የሚጠይቁን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በስልክ፣ አሥር ደቂቃ ነው። እባክሽ ከእኛ ጀምሪ፤ ሰውም በአካል ላኪ። ደግሞ አለቃ የበታቹን አይጠይቅ። አለቃዬ «መቼ ነው ደስ ያለህ?» ቢለኝ የምነግረው እሱ ያለበትን ቀን ነው።

የዕቅድ ክፍል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እውነት ይነገር፣ ስለዚያ ሰው የጻፍከው እንቅልፍ ነስቶኛል፤ የብሶት ወረቀቱን ነገር ለዋና ሥራ አስኪያጁ አቅርቤ ተስማምተዋል። ከቅርንጫፍ፣ የሙከራውን ዙር የምንጀምረው በጣም ከሚርቀው ቅርንጫፍ ነው። አሁን የቀረኝ ያ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ከብዙ ታሪክ ወደ አንድ ራዕይ እንዴት ይኬዳል?

ቃለ ጉባኤ ያዥ

በሁለት እንዲህ ያሉ ሥራዎች ላይ ጸሐፊ ሆኜ ስለተሳተፍኩ ይህን ልመልስ። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ሰዎች ልባቸውን ከፍተው የሰጡትን ታሪክ አንድ ባለሙያ ወደ ቢሮው ወስዶ «ጭብጥ» ያወጣለታል። ሲመለስ «ደንበኛ ተኮርነት 34 ጊዜ ተጠቅሷል» ይላል። ታሪኩ እዚያች ላይ ሞተ። ራዕዩም ድሮ ስድስት ኃላፊዎች የጻፉትን ይመስላል።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ ጠያቂው የሰማውን ታሪክ ስድስት ሰባት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ይናገራል። ባለታሪኩ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ሰው የራሱን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን ማየት አለባችሁ፤ ለሃያ ዓመት እንደ ተራ ነገር ያየው ሥራ ትልቅ ቁም ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሚያውቀው። ጠረጴዛው ሁሉንም ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይነጋገራል፦ በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ነገሩ እንዲሳካ ያደረገው ምን ነበር? መልሱ ከባለታሪኮቹ በተወሰደ ቃል ይጻፋል። አንዱ ጠረጴዛ «ሳይጠሩት የመጣ ሰው ነበረ» ብሎ ጻፈ። «ተነሳሽነት» ብለን እናርመው ያለ ነበር፤ እንዲቀር ተከራክሬያለሁ።

ማለሚያው ቀጥሎ ይመጣል። «እነዚህ ቀኖች አልፎ አልፎ የሚመጡ ሳይሆኑ የዘወትር ቢሆኑ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ተራ ማክሰኞ እዚህ ምን ይመስላል?» ብለን ጠየቅን። «ተራ ማክሰኞ» ያልንበት ምክንያት አለን፤ ስለ ወደፊቱ ብቻ ሲጠየቅ ሰው ስለ ሕንፃና ስለ ሽልማት ያወራል። ስለ ማክሰኞ ሲጠየቅ ስለ ሰው ያወራል።

ዓረፍተ ነገሩን የሚጽፉት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይሁኑ፤ ሰማንያ ሰው አብሮ አይጽፍም። የጻፉትን ግን ለሁሉም መልሰው ያነቡታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይ ጣት ይቀሰርና «ይህ የማን ታሪክ ነው?» ይባላል። «የእኔ» ወይም «የእገሌ» የሚል ሰው ካልተገኘ ሐረጉ ይሰረዛል። በእኛ ጊዜ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚለው በዚህ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ሊያስቀሩት ፈልገው ነበር፤ ታሪክ ግን አላገኙለትም።

ጥናት ወዳድ

ለጠያቂ ምርጫ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቺካጎ «ኢማጂን ቺካጎ» በሚባለው ሥራ የከተማዋን ታላላቅ ሰዎች እንዲጠይቁ የተደረጉት ወጣቶች ነበሩ፤ እጅግ ጥሩ ጥሩዎቹን ንግግሮች ያመጡትም እነሱ ናቸው። በቅርብ የተቀጠረውን ልጅ ከነባሩ ጋር ማጣመር ብትሞክሪ መልካም ነው። አዲስ ሰው የማያውቀውን እንደሚያውቅ አያስመስልም፤ ነባሩም ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳዋል።

እውነት ይነገር

ለነባር አወያይ፦ አመሰግናለሁ። እኔን ያሳመነኝ «መልስ ካልሰጡ ስብሰባውን አልጠራም» ያሉት ነው። እንዲያ ከሆነ እኔም እጠየቅ ነበር፣ እመልስም ነበር። የዕቅድ ክፍሏ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልን፦ ከሙከራው በኋላ ያልሆነልሽንም ጭምር ተመልሰሽ ጻፊ።

የዕቅድ ክፍል

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ቃሌን ልጠብቅ።

በቅርንጫፉ 14 ሰው፣ ሰባት ጥንድ ሆነን። መጀመሪያ ያልሆነውን ልናገር። ሁለቱ ጥንዶች ጥያቄውን እንደ ቅጽ ሞሉት፤ በሃያ ደቂቃ ጨርሰው መጡ። አንደኛው ጥንድ ለካ ያለፈው ዓመት ተጣልተው የማይነጋገሩ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አላውቅም ነበር። ድልድሉን ከማውጣቴ በፊት የቅርንጫፉን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። በመቅረጸ ድምፅም ጀምረን ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰው ድምፁን ሲያስተካክል አየሁና አስቆምኩት። በእስክሪብቶ ቀጠልን።

የብሶት ወረቀቱ ሦስት ነጥብ ይዞ ወጣ። ሁለቱ ከሁለተኛው ስብሰባ በፊት ተመለሱ። ሦስተኛው ከዋናው በጀት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቅርንጫፉ ድረስ መጥተው መቼ እንደሚመልሱ ቀኑን ተናገሩ። ከሁሉ በላይ ስብሰባውን የለወጠው ይህ ነበር።

ከዚያ ታሪኮቹ። ሦስት ወር ያልሞላት አዲስ ተቀጣሪ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠይቃ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ስትናገር ማስታወሻዋን አላየችም። አንዲት እናት ፋይላቸው ጠፍቶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለሱ፣ እኚህ ሰው ፋይሉ በሌላ ተቋም እንዳለ ደረሱበት። «ሂዱና ጠይቁ» ማለት ይችሉ ነበር። ምሳ ሰዓታቸውን ትተው አብረዋቸው ሄዱ፤ በሩ ላይ ቆመው «እኚህ እናት ከእኔ ጋ ናቸው» አሉ። ልጅቷ ይህን ስትናገር እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍቱ ይዘጉ ነበር።

ማታ ላይ አራት ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን ሊጽፉ ተቀመጡ። የባልደረባዬን ቃል ነግሬያቸው ስለነበር የመጀመሪያው ረቂቅ «ወደ እኛ የመጣ ሰው ከእኛ ወዲያ ሌላ በር አያንኳኳም» የሚል ሆነ። በማግሥቱ ሲነበብ እኚያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «ይህን ቃል መግባት አንችልም። አንዳንዱ ጉዳይ የሚያልቀው በሌላ ቤት ነው። የእኔን ታሪክ እዩት፤ እኔም ሌላ በር አንኳኳሁ» አሉ። ጸጥ አልን። «ይህ የማን ታሪክ ነው?» የሚለውን ፈተና ያለፈ መስሎን ነበር፤ ባለታሪኩ ራሳቸው አልተቀበሉትም። አዲሷ ልጅ «አንድ ቃል ብንጨምርበትስ?» አለች።

አሁን እንዲህ ይላል፦ «ወደ እኛ የመጣ ሰው ከእኛ ወዲያ ሌላ በር ብቻውን አያንኳኳም።»

ባልደረባዬን አነበብኩላት። «ብቻውን» የምትለዋን ደግማ አነበበቻትና፣ ያን አባባሏን ስትነግረኝ ያላሰበቻቸውን፣ ደንበኛን ብቻውን ወደ ሌላ ቢሮ የላከችባቸውን ቀኖች ማስታወስ ጀመረች። ቀሪዎቹ ሦስት ቅርንጫፎች ሰኞ ይጀምራሉ፤ እሷም ከጠያቂዎቹ አንዷ ሆና ትሄዳለች።